የመጨረሻው የስም ጥሪ

ክቡር ርእሰ መምህራችን፣ የተከበራችሁ መምህራኖቻችን፣ እናቶቻችንና አባቶቻችን፣ እንዲሁም እናንተ አራት ዓመት አብራችሁኝ የኖራችሁ የክፍል ጓደኞቼ፤ እንኳን ለዚህ ቀን በሰላም አደረሳችሁ።

ይህን ንግግር ልጽፍ በተቀመጥኩበት ሌሊት፣ ብዕር ከማንሣቴ በፊት አንድ ነገር ሞከርኩ። ዓይኔን ጨፍኜ የክፍላችንን ስም ከቁጥር 1 ጀምሬ ጠራሁ። 48 ላይ ስደርስ አንድም ሰው አልዘለልኩም ነበር። እናንተም ሞክሩት፤ ትደርሳላችሁ። ይህን ዝርዝር ማናችንም ቁጭ ብለን አላጠናነውም፤ በፈተናም አልመጣም። በየጠዋቱ በአንድ ቅደም ተከተል ስንሰማው እንደ ዜማ ውስጣችን ገባ። ማን «አቤት» ሲል ድምፁ እንደሚቀጥን፣ ማን ቃል ሳይተነፍስ እጁን ብቻ እንደሚያነሣ፣ ስሙ ሲጠራ ገና ከበሩ እያለከለከ የሚገባው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ስለ አርፋጆቹ ካነሣሁ አይቀር አንድ ቃል ልጨምር። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ዴስክ ላይ ተደፍቶ የሚያንቀላፋ ሁሉ ሰነፍ አልነበረም። በጉርምስና ዕድሜ እንቅልፍ የሚያመጣው ሆርሞን ከሌላው ዕድሜ ዘግይቶ እንደሚመነጭ ተመራማሪዎች ደርሰውበታል። በዚህም ምክንያት የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2014 በእኛ ዕድሜ ያሉ ተማሪዎች ትምህርት ከጠዋቱ 2፡30 በፊት ባይጀምሩ እንደሚሻል መክሯል። ስለዚህ ወላጆቻችን፣ በእነዚያ ጠዋቶች ደጋግማችሁ ስትቀሰቅሱን ከገዛ አካላችን ጋር ትታገሉልን ነበር። እናመሰግናለን።

ዘጠነኛ ክፍል የገባን ቀን ያ ዝርዝር የእንግዶች ዝርዝር ነበር። ከየትምህርት ቤቱ መጥተን ከምናውቀው አንድ ሰው ጎን ለመቀመጥ ተሻማን። ማንንም የማያውቀው በተረፈው ወንበር ተቀመጠ፤ እኔም ከእነዚያ መካከል ነበርኩ። የስማችን አጠራር ሲሳሳት ለማረም እንኳ አፋችን አይከፈትም ነበር። ከመካከላችን አንዲት ልጅ የአባቷ ስም ተበላሽቶ ሲጠራ አንድ መንፈቀ ዓመት ሙሉ ዝም ብላ «አቤት» አለች። አንድ ቀን ግን ተነሥታ በትሕትና አስተካከለችው። በዚያው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን አውጥታ ጥያቄ ስትመልስ ሰማናት። ከዚያ ወዲያ ዝም ያለችበትን ቀን አላስታውስም። ስሟ በትክክል ሲጠራ ወንበሩ የራሷ የሆነላት ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ስለምታውቁት አልዘረዝረውም። የቡድን ሥራው፣ የላብራቶሪው ሽታ፣ የሞዴል ፈተናው ጭንቀት፣ ማታ ማታ በስልክ «አራተኛውን ጥያቄ ሠራኸው?» መባባሉ አልፏል። ብዙ ነገርም ሸምድደናል። ከሸመደድነው ብዙው ዛሬ የለም፤ ይህንንም መምህራኖቻችን ፊት ስናገር አላፍርም። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ ትርጉም የሌላቸውን ድምፆች በቃሉ እየያዘ የራሱን የማስታወስ ችሎታ ለረጅም ጊዜ ፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራው የተሸመደደ ነገር ብዙው ክፍል በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና በመጀመሪያው ቀን እንደሚጠፋ አሳየ። ያው ሥራ ግን ሌላም ነገር አሳይቷል፤ የተረሳውን ነገር እንደገና መማር ከመጀመሪያው ጊዜ ይልቅ ይቀላል። ክቡራን መምህራን፣ ያስተማራችሁን ነገር አንድ ቀን ተመልሰን ስንገልጠው ቶሎ ይከፈትልናል። ድካማችሁ እዚያ ይጠብቀናል።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር።

በመጀመሪያው ዓመት መዝገብ ቁጥር 31 የነበረውን ወንድማችንን ታስታውሳላችሁ። እዚህ ተቀምጧል፤ ይህን የምናገረውም ፈቅዶልኝ ነው። ያኔ ሲናገር ይንተባተብ ነበር። አንድ ቀን ተራ በተራ ጮክ ብለን ስናነብ ለእሱ ደረሰው፤ አንድ ቃል ላይ ቆመ፤ ቃሉም እምቢ አለው። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ማንበብ በመጣ ቁጥር ወደ ውጭ ለመውጣት ፈቃድ ይጠይቅ ጀመር።

አሥራ አንደኛ ክፍል ስንደርስ በአንድ ቡድን ተመደብን። ቬክተር የሚባለውን ነገር በእርጋታ፣ በእርሳስ እየሣለ ያስረዳኝ እሱ ነው። አንድ ከሰዓት ከትምህርት በኋላ ቁጭ ብለን ሳለን፣ ያኔ ንባብ ሲጀመር ምን ያደርግ እንደነበር ነገረኝ። ከፊቱ የተቀመጡትን ተማሪዎች ይቆጥራል፤ ቀጥሎ አንቀጾቹን ይቆጥራል፤ የትኛው አንቀጽ እንደሚደርሰው ካወቀ በኋላ ሌሎቹ ሲያነቡ አይሰማም። የእሱን ብቻ በልቡ ደጋግሞ ይለማመዳል። እኛ በአንዲት ቃል የሳቅንበት ልጅ ያቺን አንቀጽ ከማናችንም በላይ አጥንቷት ነበር። በዚያው ቀን ይቅርታ ጠየቅኩት። ዛሬ በእናንተ ፊት ደግሜ እጠይቀዋለሁ።

የዚያን ጊዜ የቋንቋ መምህራችን በሳቃችን አልተቆጡንም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ገብተው፣ «ከዛሬ ጀምሮ ሁላችሁም በአንድ ላይ ታነባላችሁ» አሉን። አርባ ስምንታችን በአንድ ድምፅ ማንበብ ጀመርን። እኛ ለድምቀት መስሎን ነበር። የሚንተባተብ ሰው ከሌሎች ጋር አብሮ ሲያነብ ብዙውን ጊዜ አንደበቱ እንደሚፈታ የዘርፉ ባለሙያዎች ከጥንት ያውቁታል። መምህራችንም ያውቁ ነበር። ቁጥር 31 በእነዚያ ወራት ከእኛ ጋር አንድም ቃል ሳይዘል አነበበ፤ እኛም ልብ ሳንል። መምህር፣ ያኔ አላመሰገንንዎትም። ምን እንዳደረጉልን የገባን ዘግይቶ ነው። ለእሱ ያደረጉለት ትልቅ ነገር ነው፤ ለእኛ ለሳቅነው ያደረጉልን ግን ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ሳቁን የምናርምበት መንገድ ሰጡን፤ ማንንም ሳያሳፍሩ።

ሌላም ያልተናገርኩት አለ። ቅድም ስም ስጠራ 48 ደረስኩ ብያችኋለሁ። ዛሬ ጋዋን የለበስነው ግን 47 ነን።

ቁጥር 17 ከእኛ ጋር አይደለችም። አሥረኛ ክፍል አጋማሽ ላይ ቤተሰቧን ለማገዝ ሥራ ጀመረች። መጀመሪያ ሰሞን ስሟ ሲጠራ «ቀሪ» እንል ነበር። ሁለት ሳምንት ያህል እንዲሁ ቆየ፤ ከዚያ ስሟ ላይ መስመር ተሰመረ። በቀጣዩ ዓመት አዲስ መዝገብ መጣና ከእሷ በኋላ ያለን ሁሉ አንድ አንድ ቁጥር ወደ ላይ ተሸጋሸግን። ቦታዋ ተዘጋ። በዚህ ምክንያት ክፍሉ ውስጥ የተለወጠ ነገር አልታየም፤ ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው። ሒሳብ ላይ ከማናችንም አታንስም ነበር። ደብተሯን ተውሳችሁ ያልገለበጣችሁ ካላችሁ እጃችሁን አውጡ።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ 251 ሚሊዮን ሕፃናትና ወጣቶች ከትምህርት ገበታ ውጭ ናቸው። ቁጥሩን ሳነብ አእምሮዬ ሊይዘው አልቻለም። የያዝኩት አንዷን ነው፤ ከ16 በኋላ፣ ከ18 በፊት የነበረችውን።

ይህ በቃላችን የያዝነው ዝርዝርስ እስከ መቼ አብሮን ይኖራል? ሃሪ ባሪክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህንኑ ጠይቀዋል። 392 የሁለተኛ ደረጃ ምሩቃንን፣ በቅርቡ ከተመረቀው ጀምሮ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ እስካለፈው ድረስ፣ የክፍል ጓደኞቻቸውን እንዲያስታውሱ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1975 በታተመው ጥናታቸው፣ ከተመረቁ 15 ዓመት ያለፋቸው ሰዎች እንኳ የክፍል ጓደኞቻቸውን ፎቶ ከማያውቁት ሰው ፎቶ ሲለዩ ከአሥሩ ዘጠኙን ያህል በትክክል ለይተዋል። ያለ ፎቶ፣ ያለ ምንም ፍንጭ ስማቸውን እንዲጠሩ ሲጠየቁ ግን የሚመጣላቸው በጣም ያነሰ ነበር፤ ዓመታት በጨመሩ ቁጥርም እየሳሳ ሄደ።

ከዓመታት በኋላ መንገድ ላይ ስንገናኝ የሚሆነው ይኸው ነው። ፊታችንን እናውቀዋለን። ፈገግ እንላለን፣ እንተቃቀፋለን፤ ስሙ ግን ምላሳችን ጫፍ ላይ ይቀራል። እኔ ይህ እንዲሆን አልፈልግም። ስለዚህ የክፍላችንን የቡድን ፎቶ አሳትሜ ለእያንዳንዳችሁ ወንበራችሁ ላይ አስቀምጫለሁ። ጀርባው ላይ ምንም ያልተጻፈበት ሆን ተብሎ ነው። አርባ ሰባቱንም ስም ዛሬ ማታ በራሳችሁ እጅ፣ ከነአባት ስም፣ በትክክል ጻፉበት። ያልገባችሁ ፊደል ካለ ባለቤቱን ጠይቁ። አርባ ስምንተኛዋ በፎቶው ላይ የለችም፤ ስሟን ግን ጻፉት። የእሷን ቅጂ ነገ ወስጄ የምሰጣት እኔ ነኝ። አብሮኝ መሄድ የሚፈልግ ካለ ከዝግጅቱ በኋላ በሩ ላይ እጠብቃለሁ።

ከመውረዴ በፊት የመጀመሪያ ዓመት የክፍል ኃላፊያችን እዚህ መድረክ ላይ እንዲመጡልኝ እለምናለሁ። አሮጌውን መዝገብ ይዘውልን መጥተዋል። መስመር የተሰመረበት ገጽም አለ። እንደ ድሮው ይጠሩናል፤ እኛም ተነሥተን እንመልሳለን።

ቁጥር 17 ላይ ሲደርሱ ማንም «ቀሪ» እንዳይል። አርባ ሰባታችንም በአንድ ድምፅ እናነብ እንደነበረው በአንድ ድምፅ አቤት እንበልላት።

መምህር፣ ይጀምሩልን።