«ይህማ ሆራ ነው»

የእግር ጉዞ ቡድናችን የተመሠረተበት 10ኛ ዓመት ሲከበር፣ ፍራንክፈርት ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ ልጆቻችን፣ እንደምን አመሻችሁ።

አስተባባሪዎቹ 10 ደቂቃ ሰጥተውኛል። የቡድኑን ታሪክ ባጭሩ ተናግሬ፣ አመስግኜ እንድወርድ ነው የታዘዝሁት። ምስጋናውን አሁኑኑ ላስቀድም፤ በኋላ ስቆጣ እንዳልረሳው። ስንቅ ላሰናዳችሁ፣ የደከመውን ለደገፋችሁ፣ በዝናብም ቢሆን ላልቀራችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታሪኩን ባጭሩ መናገር ግን አልችልበትም።

የመጀመሪያውን ጉዟችንን ታስታውሱታላችሁ። ከራይን ወንዝ በስተ ምዕራብ ወዳለው ወደ ኮረብታማው አይፍል ነበር። ሾፌሩ መንገድ ስቶ የገብስ ማሳ ዳር አቆመን፤ አውቶብሱን የሞላው የዶሮ ወጥ ሽታ ነበር። «ድስት ተሸክሞ ጫካ የሚገባ ሕዝብ እኛን ብቻ አየሁ» ብሎ የተሳለቀብን ሰው ዛሬም እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ። ስሙን አልጠራም። ሁለት እንቁላል መብላቱን ግን አልረሳሁም።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማርልኝና፣ በዚያ ሐምሌ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። ከቢሾፍቱ። እሷ ግን ቢሾፍቱ ለማለት አፏ እሺ አላላትም፤ እስከ ዕለተ ሞቷ ደብረ ዘይት እንዳለች ነው። ያደግሁበት ቤት ከሆራ ሐይቅ አፋፍ ብዙም አይርቅም። ልጅ ሳለሁ ከብት አጠጥቼበታለሁ፤ ልዋኝ ገብቼም ተገርፌበታለሁ። ይህን የምነግራችሁ ቀጥሎ የምናገረው ኀፍረት እንዲገባችሁ ነው።

ዳውን በምትባለው ከተማ አጠገብ ሦስት ሐይቆች ተጎራብተው ይገኛሉ። መካከለኛው ቫይንፌልደር ማር ይባላል። የአካባቢው ሰዎች እንዲህ ያለውን ክብ ሐይቅ «ማር» ነው የሚሉት። ለእናቴ ስሙን ብነግራት «ታዲያ ቀፎው የታለ?» አለችኝ። ሐይቁ ሌላም ስም አለው፤ ቶተንማር፣ የሙታን ማር ማለት ነው። አፋፉ ላይ አንዲት ትንሽ ነጭ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ዙሪያዋን መቃብር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወረርሽኝ የመንደሩን ሰው ጨርሶና በትኖ እሷን ብቻ አስቀርቷታል። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተሳለመች። «እማዬ፣ የካቶሊክ ናት እኮ» ብላት «አንተ ደግሞ! ቤቱ የማን ነው?» ብላ አሳፈረችኝ።

ከዚያ ወደ ውሃው ወረድን። እናቴ ቆመች። ግራ ቀኝ ስታይ ቆይታ «ወንዙ በየት በኩል ነው የሚገባው?» አለች። ወንዝ አይገባበትም አልኋት። አፋፉን በዓይኗ ዞረችው፤ እንደ ገበቴ ጠርዝ ዙሪያውን ገጥሟል። ከመንገዱ ሁለት እርምጃ ወጣች፣ ጎንበስ አለች፣ ጣቷን ውሃው ውስጥ ነክራ ቀመሰችው።

«ይህማ ሆራ ነው። ብቻ አልጫ ነው።»

ሳቅን። ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነበርሁ። «ናፍቆት ነው፣ እማዬ» አልኋት፤ እንደ አዋቂ ትከሻዋን መታ መታ አድርጌ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

በዚህ መካከል አንድ ጀርመናዊ ሽማግሌ በከዘራው ምልክት አሳየን፤ አረንጓዴ ጠርዝ ያለው ነጭ ሦስት ማዕዘን፣ መሐሉ ላይ ክንፉን የዘረጋ ንስር። የተፈጥሮ ጥበቃ ቦታ ነውና ከመንገዱ አትውጡ ማለቱ ነው። አጥፍተን ነበር፤ ይቅርታ ጠይቀን ተመለስን። ልብ በሉ፣ ሰውዬው «ከዚህ ሂዱ» አላለንም። «በመንገዱ ሂዱ» ነው ያለን። የእነዚህ የሁለቱ ልዩነት ነው ዛሬ እዚህ ያቆመኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከመንገዱ ዳር የማብራሪያ ሰሌዳ ነበር። የ12 ዓመት ልጅ የነበረች አንዲት ልጃችን ጀርመንኛውን ጮክ ብላ እያነበበች ለእናቴ ተረጎመችላት። የቀለጠ ድንጋይ ከምድር ውስጥ ወደ ላይ ሲወጣ የከርሰ ምድር ውሃ ያጋጥመዋል፤ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል፤ ድንጋዩን አፍርሶ ወደ ላይ ይበትነዋል፤ ጉድጓዱ ኋላ ውሃ ይሞላዋል። እናቴ ራሷን ነቀነቀች። «የጋለ ምጣድ ላይ ውሃ ጠብ ሲል ማለት ነው» አለች። ልጅቱ የገባትም ያኔ ይመስለኛል።

ማታ ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ከፈትሁ። የሥነ ምድር ባለሙያዎች ይህችን «ማር» የምትባል የአይፍል ገበሬ ቃል በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወስደው ለዓለም ሁሉ የሙያ ቃል አድርገዋታል። በዚህ አፈጣጠር የተፈጠሩ ሐይቆች በየትም አገር ቢገኙ ማር ይባላሉ። ዝርዝሩን ወደ ታች ስወርድ፣ ቢሾፍቱ። የደብረ ዘይት ሐይቆች! አንዱ ልዩነት ጨዉ ነው። ሆራ ማለት በኦሮምኛ ማዕድን ያለው፣ ለከብት የሚስማማ ውሃ ነው፤ የአይፍሉ ግን ጨው አልባ ነው። እናቴ በአንድ ጣት የደረሰችበትን እኔ በሁለት ሰዓት ንባብ ደረስሁበት። ተኝታ ስለነበር አልቀሰቀስኋትም። ጠዋት ስነግራት አልተደነቀችም። «አልነገርሁህም?» ብላ ቡናዋን ቀጠለች።

አሁን ወደ ቁጣዬ ልምጣ።

እኔ እዚህ አገር ስገባ 24 ዓመቴ ነበር። ለ21 ዓመታት የሌሊት ፈረቃ ሠርቻለሁ። በእነዚያ ዓመታት ከጀርመን ምድር የማውቀው መኖሪያ ቤቴን፣ ሥራ ቦታዬን፣ የገበያ አዳራሹንና በመካከላቸው ያለውን የባቡር መስመር ነበር። የብዙዎቻችሁም ይኸው ነው፤ አትሸሽጉኝ። ደን ሲባል «እዚያ ምን አለ? የእነሱ ነው» እንላለን። ልጆቻችንም ሰምተውናል። አንድ ቀን ልጄን ለጉዞ ና ብለው «አባዬ፣ ያ እኮ የጀርመኖች ነገር ነው» አለኝ። እዚሁ የተወለደ፣ እዚሁ የተማረ ልጅ!

የእነሱ ነው ያለን ማን ነው? በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1975 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የደን ሕግ፣ ለመዝናናት ወደ ደን መግባት ይፈቀዳል ይላል። ዜግነት አይጠይቅም፤ ባለቤቱ መንግሥት ይሁን ግለሰብ አይለይም። ያ የተጠረገው መንገድ፣ ያ አግዳሚ ወንበር፣ ያ ንስር ያለበት ምልክት በማን ግብር ነው የቆመው? ከየወሩ ደመወዛችን አልተቆረጠም? ግብሩን ስንከፍል የእኛ ነው፤ ልንረግጠው ስንል የእነሱ የሚሆነው እንዴት ነው?

ዓይን የሚያፈጥብን ሰው የለም አልልም። አለ። በአንድ መንደር ስናልፍ መጋረጃ ሲገለጥ አይተናል። እኔ ግን መጋረጃው ተመልሶ ሲዘጋም አይቻለሁ፤ በሦስተኛው ዓመት ያችው ሴት ወጥታ ውሃ ሰጥታናለች። በመጀመሪያው ዓመት ብንቀር ኖሮ ሦስተኛው አይመጣም ነበር።

ይህን ሁሉ ስል ደግሞ ዘንድሮ የመስከረሙ ጉዞ ከዕቅድ መሰረዙን እሰማለሁ። ለአውቶብስ ገንዘብ የለም ተባለ። ለአዳራሽ ኪራይና ለድምፅ ማጉያ ግን አለ! ጭፈራ አልጠላም፤ ዛሬም ስጨርስ እስክስታ እወርዳለሁ። ነገር ግን በር ዘግተን ስለ አገር ልምላሜ እየዘፈንን፣ የቆምንበትን ልምላሜ ሳናየው ማርጀታችን ያናድደኛል። ሰርዘናል ያላችሁ ወንድሞች ከፊት ወንበር ተቀምጣችኋል፤ ፊት ለፊት መናገሬ ከማክበሬ ነው።

የቀረውን በአጭሩ ልበል። ላኸር ዜ ወደሚባለው የእሳተ ገሞራ ሐይቅ የሄድን ጊዜ ከምሥራቁ ዳርቻ ውሃው ሲንተከተክ አይቶ «ፈላ!» ብሎ የሮጠውን ወንድማችንን ታስታውሳላችሁ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፤ የሚወጣው ከሥር ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ነው። ያ እሳተ ገሞራ ከ13,000 ዓመት ገደማ በፊት ሲፈነዳ አመዱ እስከ ስዊድን ደርሷል። ከዚያው ከዳርቻው ከ1093 ጀምሮ የቆመ ገዳም አለ፤ መነኮሳት ስፍራ መምረጥ ያውቃሉ። ድራኸንፌልስንም ወጥተናል፤ ለኮሎኝ ካቴድራል ድንጋይ ሲፈለጥበት የኖረ፣ የፕሩሲያ መንግሥት በ1836 ገዝቶ ከድንጋይ ፈላጮች ያዳነው ተራራ። ጉልበታችሁ ዛሬም ያስታውሰዋል።

ያላየነው ግን ቅርባችን ያለውን ነው። ከዳርምሽታት ወዲያ ሜሰል የሚባል ጉድጓድ አለ። የዘይት ድንጋይ ሲወጣበት ኖሮ ሥራው ሲያበቃ ቆሻሻ ሊሞሉበት አስበው ነበር፤ የአካባቢው ሰዎችና ሳይንቲስቶች ለዓመታት ተሟግተው አስቀሩት። በ1995 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ከ48 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበሩ እንስሳት እዚያ ድንጋይ ውስጥ ታትመው ይገኛሉ፤ ከቀበሮ እምብዛም የማትበልጥ ፈረስ ከነጽንሷ፣ ቀለሟ ያልለቀቀ ጥንዚዛ። እንዲያው ምን ነበር ትሉታላችሁ ጉድጓዱ? በ2001 እስከ ሥሩ ሰርስረው አረጋገጡ። ማር ነው። ሆራ ነው፣ የደረቀ ሆራ፤ ከዚህ አዳራሽ በባቡር የሚደረስበት።

ስለዚህ አውቶብስ አልጠይቅም። የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ዋናው ባቡር ጣቢያ፣ የዳርምሽታት ባቡር ከሚነሳበት መድረክ ላይ እገኛለሁ። በእኛ አቆጣጠር 3፣ በጀርመኖቹ 9። ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባው ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ስለሆነ ለ20 ሰው ቦታ አስይዣለሁ፤ ልጆች ይቅደሙ። ጠንካራ ጫማ አድርጉ። ድስት የያዘ ሰው ከእኔ አጠገብ ይቀመጥ። ባቡሩ ሐበሻ አይጠብቅም፤ እኔም አልጠብቅም።