የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ከጎንደር ሰማይ ላይ ኔቡላና ጋላክሲ ማየት

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ 70 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕ ገዝቼ ነበር። የኦርዮን ኔቡላ (በሰማይ ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና) በፎቶ ቀይና ሐምራዊ ነው፤ እኔ የማየው ግራጫ ጭጋግ ነው። ቴሌስኮፑ ብልሽት አለበት?

መልስ፦ የለበትም። በደብዛዛ ብርሃን የሚሠሩት የዓይን ሕዋሳት ቀለም አይለዩም፤ ካሜራ ግን ብርሃኑን ለደቂቃዎች ያጠራቅማል። እኛ ይልቅ የምንጠረጥረው የቴሌስኮፑን የዓይን ሌንስ (ዓይንዎን የሚያስጠጉበትን፣ የሚቀያየረውን ሌንስ) ነው። 25 እና 4 ሚሊሜትር ካለዎት በ25ቱ ይጀምሩ። የቴሌስኮፑ የትኩረት ርቀት (ከዋናው ሌንስ እስከ ምስሉ መሥሪያ ያለው ርቀት) 700 ሚሊሜትር ከሆነ፣ 700 ለ25 ሲካፈል 28 እጥፍ ያጎላል። 4ቱ 175 እጥፍ ይሰጣል፤ የ70 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕ ጣሪያ ግን 140 ገደማ ስለሆነ ምስሉ ይጨልማል፣ ይደበዝዛልም። ያቺ ሌንስ የምትጠቅመው ለካርቶኑ ማስታወቂያ ነው።

ከጥምቀት በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ ጨረቃ በሌለችበት ምሽት ከ3 እስከ 5 ሰዓት የኦርዮን ኅብረ ከዋክብት ወደ አናት ይጠጋል። በአንድ መስመር የተደረደሩትን ሦስት ከዋክብት ይፈልጉ። ከነሱ በስተደቡብ ከተንጠለጠሉት ደብዛዛ ከዋክብት መካከለኛው ነው ኔቡላው፤ 1,300 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። አስቀድመው አንድ ደማቅ ኮከብ ላይ አነጣጥረው ነጥብ እስኪሆን ፎከስ ያድርጉ። ዓይንዎ ጨለማውን እስኪለምድ 30 ደቂቃ ይታገሱ። ስልክዎን ለአፍታ ከከፈቱ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ባትሪዎን በድርብ ቀይ ፌስታል ይሸፍኑት። ኔቡላው ላይ አያፍጥጡ፤ ትንሽ ወደ ጎኑ ቢመለከቱ ይሰፋል፤ ደብዛዛ ብርሃን የሚይዙት ሕዋሳት የሚበዙት ከዕይታ መሃል ውጭ ነውና።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ ያለኝ 10 በ50 ቢኖኩላር (10 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 50 ሚሊሜትር የሆነ) ብቻ ነው። አንድሮሜዳ ጋላክሲ (ግዙፍ የከዋክብት ስብስብ) ይታየኛል?

መልስ፦ በሚገባ። በኅዳር፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ ሰሜን ይዙሩ። የካሲዮፒያ ኅብረ ከዋክብት (ካሲዮፒያ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንግሥት ናት) በአምስት ከዋክብት የኤም ፊደል ትሠራለች። ከሁለቱ ጫፎች ይበልጥ የሾለው ወደ ላይ ይጠቁማል፤ ክንድዎን ዘርግተው ከዚያ ጫፍ አንድ ቡጢ ተኩል ሽቅብ ይለኩ። የሚያገኙት ሞላላ ደመና የ2.5 ሚሊዮን ዓመት ብርሃን ነው። የጎንደር መብራት ከአዘዞ በስተሰሜን ቢሆንም፣ ጋላክሲው 60 ዲግሪ ያህል ስለሚወጣ ብዙም አይጎዳዎትም። የሚጎዳዎት የእጅ መንቀጥቀጥ ነው፤ ሰሌን ላይ በጀርባዎ ይተኙ፣ ክርንዎን ደረትዎ ላይ ያሳርፉ።

ጥያቄ፦ ኦሜጋ ሴንታውሪ የተባለውን የከዋክብት ክምችት ከጎሃ ኮረብታ ማየት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ግን አንመክርም። የከዋክብት ክምችቱ በደቡብ በኩል ከ30 ዲግሪ አያልፍም፤ ከጎሃ ደግሞ ከተማው በዚያው አቅጣጫ ነው። ከከተማው በስተደቡብ ወጥተው፣ በሚያዝያ መጨረሻ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ስፓይካ የተባለውን ደማቅ ኮከብ ያግኙና ቀጥታ ወደ ታች ሦስት ቡጢ ተኩል ይውረዱ።