ሰርተፍኬቱ ትምህርቱ ውስጥ ይግባ

እሷ፦ ዛሬ የፋብሪካ ሙያ ትምህርትንና የብቃት ሰርተፍኬትን እናንሳ። ብዙ ማሠልጠኛዎች ተማሪውን ካስመረቁ በኋላ ነው «አሁን ደግሞ ሄደህ ተፈተን» የሚሉት። ይሄ ነገር አይዋጥልኝም።

እሱ፦ ለእኔም አይዋጥልኝም። ፈተናው ራሱ እኮ ያስተምራል። ብየዳን ውሰጂ። የተበየደው ብረት መጀመሪያ በዓይን ይታያል። ከዚያ ከመጋጠሚያው ላይ ቁራጭ ይወሰድና ጫፍና ጫፉ ጎን ለጎን እስኪመጣ ይጎብጣል። በአሜሪካው የብረት ብየዳ ደንብ፣ በጎበጠው ፊት ላይ ከ3 ሚሊ ሜትር የበለጠ ክፍተት ከታየ ወደቅሽ ማለት ነው።

እሷ፦ ተማሪው ይህን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በገዛ ሥራው ላይ ቢያደርገውስ? ስህተቱ የመጣው ኤሌክትሮዱ (መበየጃው ዘንግ) እርጥበት ይዞ ይሁን እጁ ፈጥኖ፣ ራሱ ይደርስበታል።

እሱ፦ የማሽን ሥራም እንደዛው ነው። በአሜሪካ በ1995 የተቋቋመው ኒምስ፣ የብረታ ብረት ሙያ ሰርተፍኬት ሰጪው ተቋም፣ ከቲዎሪው ሌላ የተግባር ፈተናም አለው። ንድፉን አንብቦ ዕቃውን ይሠራል፣ ዕቃው በመለኪያ ይመረመራል። አስተማሪው ያንን ንድፍ የሴሚስተር ፕሮጀክት ቢያደርገው፣ ተማሪው በአንድ ሥራ ውጤቱንም ሰርተፍኬቱንም ያገኛል።

እሷ፦ አስተማሪው ራሱ ካልተፈተነ ግን ከባድ ነው። መጀመሪያ እሱ ይፈተን። ወጪውንም ተቋሙ ይቻል።

እሱ፦ እኔን በጣም የሚያናድዱኝ ቀጣሪዎች ናቸው። «የሠለጠነ ሰው ጠፋ» ይላሉ፤ የቅጥር ማስታወቂያቸው ላይ ግን ሰርተፍኬቱ የለም። ደመወዝ ላይም ለውጥ ካላመጣ ልጁ ለምን ይልፋ?

እሷ፦ ልክ ነህ። ሰርተፍኬቱ ደረጃ በደረጃ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። መጀመሪያ ደህንነት፣ ጥራትና ልኬት፣ የምርት ሂደት፣ የጥገና መሠረት። ተማሪው እነዚህን ይዞ ሥራ ይጀምራል። ቆይቶ ለዲፕሎማ ሲመለስ ኮሌጁ ያንን በክሬዲት ይያዝለት፤ ከዜሮ አያስጀምረው።

እሱ፦ ደግሞ አንዴ ተይዞ የሚቀመጥ ወረቀት አይደለም። በዓለም አቀፉ የበያጆች ፈተና፣ አይሶ 9606፣ ሰውየው ሥራው ላይ መሆኑ በየ6 ወሩ ይረጋገጣል። ይህን የሚፈርመው በአብዛኛው አሠሪው ስለሆነ፣ ፋብሪካው መዝገብ ካልያዘ የልጁ ብቃት ወረቀት ላይ ይሞታል።

እሷ፦ ለመመዝገብ ያሰባችሁ ካላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ የትኛው ሰርተፍኬት ነው? ማን ነው የሚፈትነው? የፈተናው ክፍያ ትምህርቱ ውስጥ አለ? በሰርተፍኬቱ የሚቀጥር ፋብሪካስ የትኛው ነው?