ስኳር ሕመም ሲባል የትኛው ነው? ስለ ፕሪሲዥን ሜዲስን የተደረገ ውይይት

አዘጋጅ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቻችን። ፕሪሲዥን ሜዲስን ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው ሐኪሙ የታካሚውን ዘረመል አንብቦ ለእሱ ብቻ የሚሆን መድኃኒት የሚያዘጋጅለት ነው። ዶክተር፣ በስኳር ሕመም ረገድ ነገሩ እንዲህ ነው?

ዶክተር፦ አይደለም። ለአንድ ሰው ብቻ ተብሎ የሚቀመም መድኃኒት የለም፤ ሥራው በአንድ ስም የሚጠሩ ነገር ግን በመነሻቸው የሚለያዩ ሕመሞችን ነጣጥሎ፣ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ ካሉት መድኃኒቶች መካከል ለእያንዳንዱ ወገን የሚበጀውን መምረጥ ነው። በደም ውስጥ ያለው ግሉኮስ ከፍ ያለው የሰውነት መከላከያ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን የቆሽት ቤታ ሕዋሳት ስላጠቃ ሊሆን ይችላል፣ ይህም አንደኛው ዓይነት የሚባለው ነው፤ ኢንሱሊን እያለ ጉበትና ጡንቻ ለእሱ የሚሰጡት ምላሽ ስለደከመ ሊሆን ይችላል፣ ይህም በሁለተኛው ዓይነት የሚታየው ነው፤ አልፎ አልፎም መንስኤው የአንድ ዘረመል መዛባት ብቻ ነው።

አዘጋጅ፦ ይህን መለየት ሕክምናውን ከመሠረቱ የቀየረበት አጋጣሚ ይኖራል?

ዶክተር፦ ከአራስ ሕፃናት ስኳር ሕመም ይልቅ የጠራ ምሳሌ አላውቅም። ከተወለዱ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ውስጥ የሚታመሙ ሕፃናት ለረጅም ጊዜ አንደኛው ዓይነት እንደያዛቸው ተቆጥሮ ኢንሱሊን ይወጉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የእንግሊዙ ኤክሰተር ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው ባሳተሙት ጥናት፣ ከእነዚህ ሕፃናት መካከል የበርካታዎቹ ችግር ኬሲኤንጄ11 በተባለው ዘረመል ላይ እንደሚገኝ አሳዩ። ይህ ዘረመል በቤታ ሕዋስ ሽፋን ላይ ያለውን የፖታሲየም መተላለፊያ ከሚሠሩት አንዱ ነው። ግሉኮስ ሲጨምር መተላለፊያው መዘጋት ሲገባው ክፍት ስለሚቀር፣ ሕዋሱ ኢንሱሊን ይዞ ሳለ ሊለቀው አይችልም። ሰልፎኒልዩሪያ የሚባሉት የቆዩና ርካሽ ክኒኖች ደግሞ የሚሠሩት ይህንኑ መተላለፊያ በመዝጋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት ክኒኑ ከተሰጣቸው 49 ታካሚዎች 44ቱ ኢንሱሊን ማቆም ችለዋል።

አዘጋጅ፦ መፍትሔው ለብዙ ዓመታት በፋርማሲ መደርደሪያ ላይ ነበረ ማለት ነው። በአዋቂዎችስ?

ዶክተር፦ ሞዲ የሚባለው፣ በአንድ ዘረመል መዛባት የሚመጣ ቤተሰባዊ ዓይነት አለ። ኤችኤንኤፍ1ኤ የተባለው ዘረመል የተዛባባቸው ሰዎች በአነስተኛ መጠን ሰልፎኒልዩሪያ ደህና ይቆያሉ። በግሉኮካይኔዝ ዘረመል የሚመጣው ደግሞ ስኳሩን በመጠኑ ብቻ ከፍ አድርጎ ለዓመታት ሳይባባስ የሚቀጥል ስለሆነ፣ ከእርግዝና ወቅት በቀር መድኃኒት አያሻውም። እንዲህ ላለው ሰው ትክክለኛው ሕክምና ሳያስፈልገው የሚወስደውን ክኒን ማስቆም ነው።

አዘጋጅ፦ እነዚህ ግን ጥቂቶች ናቸው። አብዛኛው ታካሚ ሁለተኛው ዓይነት ያለበት ነውና ለእሱ ምን ተገኘ?

ዶክተር፦ እ.ኤ.አ. በ2018 የስዊድንና የፊንላንድ ተመራማሪዎች በስድስት መለኪያዎች ተመርኩዘው አዲስ ታካሚዎችን በአምስት ምድብ ከፈሉ። ኢንሱሊን እጅግ የማይሠራላቸው ለኩላሊት ጉዳት፣ ኢንሱሊን በብርቱ የሚያጥራቸው ለዓይን ጉዳት ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። ምድቦቹ ዝናቸው ከጥቅማቸው ሳይቀድም አልቀረም ብዬ አምናለሁ፤ ሰውን በሣጥን ከመክተት ይልቅ የየግል ልኬቱን በቀጥታ መጠቀም የተሻለ ነው። ትራይማስተር በተባለው የብሪታንያ ጥናት እያንዳንዱ ተሳታፊ ፒዮግሊታዞን፣ ሲታግሊፕቲንና ካናግሊፍሎዚን የሚባሉ ሦስት የስኳር መድኃኒቶችን በየተራ ወሰደ። የሰውነት ክብደት አመልካቻቸው፣ ማለትም ክብደታቸው ከቁመታቸው አንጻር ሲሰላ፣ ከ30 በላይ በሆኑት ፒዮግሊታዞን ከሲታግሊፕቲን ይልቅ ስኳሩን ዝቅ ሲያደርግ፣ የኩላሊት የማጣራት አቅማቸው በመጠኑ በቀነሰባቸው ደግሞ ሲታግሊፕቲን ከካናግሊፍሎዚን በለጠ።

አዘጋጅ፦ እንግዲህ ሚዛንና ተራ የደም ምርመራ እንጂ የዘረመል ንባብ አልተጠየቀም።

ዶክተር፦ አዎን። ሆኖም ስኳሩን ብቻ ዓይቶ መወሰን አይበቃም፤ የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ከካናግሊፍሎዚን ወገን መድኃኒቶች የሚያገኘው ጥቅም ስኳርን ከመቀነስ አልፎ ይሄዳል።

አዘጋጅ፦ ምርመራው ራሱስ ለሁሉም እኩል ይሠራል?

ዶክተር፦ ሄሞግሎቢን ኤ1ሲ የሚባለው የተለመደ የስኳር ምርመራ የሚለካው ግሉኮስ በቀይ የደም ሕዋስ ላይ መጣበቁን ነው። ሕዋሱ ዕድሜው ካጠረ ለመጣበቅ ጊዜ ስለማይኖር፣ ለምሳሌ ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም በውርስ የሚያጥረው ሰው ላይ ቁጥሩ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ሕመሙን ሊሸሽግ ይችላል፤ የብረት ማነስ ደግሞ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ከዘረመል ተሰልተው የሰውን የመታመም ዕድል የሚገምቱት የስጋት ነጥቦችም የተሠሩት በአብዛኛው ከአውሮፓ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች መረጃ ስለሆነ፣ በሌሎች ሕዝቦች ላይ የመተንበይ አቅማቸው ይደክማል።

አዘጋጅ፦ ወደ መከላከል እንለፍ።

ዶክተር፦ በአንደኛው ዓይነት ቴፕሊዙማብ የሚባል መድኃኒት አለ። የሰውነት መከላከያ በቤታ ሕዋሳት ላይ መነሣቱን የሚያሳዩ ሁለትና ከዚያ በላይ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካላት በደማቸው የተገኙና ስኳራቸው መዛባት የጀመረ ሰዎች ላይ ሕመሙን በአማካይ ሁለት ዓመት ያህል ያዘገያል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ፈቅዶታል። በሁለተኛው ዓይነት፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመው የአሜሪካ ጥናት የአኗኗር ለውጥ ስጋቱን በ58 በመቶ፣ ሜትፎርሚን የተባለው ክኒን በ31 በመቶ ቀንሰዋል። ይሁን እንጂ ሜትፎርሚን በወጣቶችና በጣም በወፈሩት ላይ ጥሩ ሲሠራ፣ ከ60 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ ብዙም አልረዳም። አማካዩ ይህን ልዩነት ሸፍኖት ነበር።

አዘጋጅ፦ አድማጫችን የተነገረው ዓይነት ትክክል መሆኑን መቼ መጠየቅ ይገባዋል?

ዶክተር፦ ከ6 ወር ዕድሜ በፊት ከታመመ፣ ወይም በቤተሰቡ በተከታታይ ትውልድ ሰዎች በወጣትነት ከታመሙና እሱም ውፍረት ከሌለው ይጠይቅ። አንደኛው ዓይነት ተብሎ ለዓመታት ኢንሱሊን እየወጋ፣ ሰውነቱ ራሱ ኢንሱሊን ማመንጨቱን የሚያሳየው ሲ ፔፕታይድ ከፍ ብሎ ከተገኘም እንደዚሁ። ጥያቄው ግን ለሐኪሙ ይቅረብ፤ በራስ ውሳኔ ኢንሱሊን ማቆም ለሕይወት አደገኛ ነው።