የማራካኛው በረኛ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬም ብቻዬን ነኝ። ከሰሞኑ ከሐሳቤ ያልወጣ አንድ ሰው አለ፤ ስለሱ ላውራችሁ።

የፈረንጆቹ 1950ዎቹ ነገር ሲነሳ የኮሪያ ጦርነት ይነሳል፣ ስፑትኒክ ይነሳል፣ ኤልቪስ ፕሪስሊ ይነሳል። እኔ ግን ያንን ዘመን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ራዲዮ አጠገብ ሆኖ የሚያለቅስ አባት ነው። ባውሩ በምትባል የብራዚል ከተማ። የዘጠኝ ዓመት ልጁ አባቱ ሲያለቅስ አይቶ አያውቅም ነበር። አይዞህ፣ ዋንጫውን እኔ አመጣልሃለሁ ብሎ ቃል ገባለት። ልጁ ፔሌ ነው።

አባትየውን ያስለቀሰው የዓለም ዋንጫ ጨዋታ የተደረገው እ.ኤ.አ. ጁላይ 16 ቀን 1950 ነው። በኛ ሐምሌ 9 ቀን 1942። (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ በነሱ አቆጣጠር ነው።) ቦታው ሪዮ ዴ ጄኔሮ፣ ማራካኛ። ስታዲየሙ ለዚያው ውድድር የተሠራ ነበር። ትኬት ቆርጦ የገባው ሰው ብቻ ከ170 ሺህ በላይ ነው። በዚያ ዓመት ለብቻው የፍፃሜ ጨዋታ የሚባል አልነበረም። አራት ቡድኖች እርስ በርስ ተጋጠሙ፤ በመጨረሻው ቀን ብራዚልና ኡራጓይ ተገናኙ። ለብራዚል አቻ መውጣት ይበቃት ነበር። ስዊድንን 7 ለ 1፣ ስፔንን 6 ለ 1 አሸንፋ ነው የመጣችው። የከተማው ከንቲባ ጨዋታው ሳይጀመር ተጫዋቾቹን ሻምፒዮን ብሎ ጠራቸው። የፊፋው ፕሬዚዳንት ጁል ሪሜም የእንኳን ደስ አላችሁ ንግግራቸውን በፖርቱጋልኛ አዘጋጅተው ነበር።

ከእረፍት መልስ ፍሪያሳ ለብራዚል አገባ። የኡራጓዩ አምበል ኦብዱሊዮ ቫሬላ ምን አደረገ? ኳሷን ብብቱ ስር ይዞ ወደ ዳኛው ሄደ። ተከራከረ። ዳኛው እንግሊዛዊ ነው፤ በቋንቋ አይግባቡም። ቫሬላ አልቸኮለም። ጩኸቱ እስኪበርድ ጊዜ ገዛ።

በ66ኛው ደቂቃ የኡራጓዩ ጊጂያ በቀኝ መስመር ገስግሶ አሻማ፣ ስኪያፊኖ አገባ። 1 ለ 1። በ79ኛው ደቂቃ ጊጂያ በዚያው መስመር ተመልሶ መጣ። በረኛው ባርቦዛ፣ እንደ ቅድሙ ያሻማል ብሎ፣ ከቋሚው ትንሽ ራቅ አለ። ጊጂያ በዚያች ክፍተት መታት። 2 ለ 1። ስታዲየሙ ዝም አለ።

እኔን ከሰሞኑ እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ በረኛ ነው። ሞአሲር ባርቦዛ። በዘመኑ ከምርጦቹ አንዱ ነበር። ከዓመት በፊት፣ በ1949፣ ከብራዚል ጋር የደቡብ አሜሪካን ዋንጫ በልቷል። ከዚያች ኳስ በኋላ ግን የሚታወቀው በሷ ብቻ ሆነ። ተከላካዮቹ ቢጎዴና ጁቬናልም አብረው ተወቀሱ። ሦስቱም ጥቁሮች ናቸው፤ ይሄ ዝም ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ከሱ ቀጥሎ ጥቁር ሰው የብራዚል ዋና በረኛ ሆኖ ዓለም ዋንጫ ላይ የቆመው በ2006 ነው፣ ዲዳ። ባርቦዛ ሸምግሎ ብሔራዊ ቡድኑን ልምምድ ቦታ ሊጠይቅ ቢሄድ፣ ገደቢስ ነው ተብሎ እንዳይገባ ተደረገ። በብራዚል ትልቁ ፍርድ 30 ዓመት ነው፣ እኔ ግን ላልሠራሁት ወንጀል 50 ዓመት ቀጡኝ ይል ነበር። በ2000 በ79 ዓመቱ አረፈ።

ታላቅ ወንድሜ የሰፈራችን በረኛ ነበር። ከጎረቤት ሰፈር ጋር ለዋንጫ ስንጫወት፣ ሊያልቅ ሲል አንዲት ጎል ገባችበት። በቃ። ሱቅ ሲሄድ ይነሳበታል፣ ታክሲ ሲጠብቅ ይነሳበታል። ለዓመታት። እኔም አንድ ቀን ተናድጄ እናታችን ፊት አነሳሁበት። መልስ አልሰጠኝም፤ ሳህኑን አስቀምጦ ወጣ። ዛሬም ይቆጨኛል።

ብራዚል ያን ቀን የለበሰችውን ነጭ ማሊያ ጣለችው። ቢጫው በጋዜጣ ውድድር ተመርጦ መጣ። በ1958 ስቶክሆልም ላይ ከስዊድን ጋር ለፍፃሜ ስትደርስ ግን ስዊድንም ቢጫ ለባሽ ናት። ብራዚሎቹ እዚያው ከተማ ሰማያዊ ማሊያ ገዙ። የቡድኑ መሪ ተጫዋቾቹ እንዳይከፋቸው፣ ሰማያዊ የእመቤታችን መጎናጸፊያ ቀለም ነው አላቸው። እናቴም ብትሆን ይሄንኑ ነበር የምትለው።

በ4ኛው ደቂቃ ስዊድን ቀድማ አገባች። የብራዚሉ ዲዲ ኳሷን ያዘና ቀስ ብሎ፣ እየተራመደ፣ ጓደኞቹን እያረጋጋ ወደ መሐል ሜዳ ወሰዳት። ልክ እንደ ቫሬላ! ይቺን ቦታ ስደርስ ሁሌ ልቤ ይሞቃል። 5 ለ 2 አለቀ። የ17 ዓመቱ ፔሌ ሁለት አገባ። አንዷን ያገባው ዛጋሎ ደግሞ በ1950 ማራካኛ ውስጥ ለጥበቃ የቆመ ወታደር ነበር። ልጁ ለአባቱ የገባውን ቃል ጠበቀ። ባርቦዛን ግን ያ ዋንጫም ነፃ አላወጣውም።

ትናንት ማታ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። የባርቦዛን ታሪክ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ስለዚያች ቀን ይቅርታ ጠየቅኩት። የትኛዋ ቀን ብሎ አልጠየቀኝም።

«ያሻማል ብዬ ነበር» አለኝ።