ጅብራና ሻርክ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬም የምቀዳው እዚሁ ጎንደር፣ ቤቴ ሆኜ ነው።

ባለፈው ሳምንት ስሜን ተራሮች ነበርኩ። ግጭ በሚባለው ቦታ ገና ሳይነጋ ተነሳን። ሳሩ በውርጭ ነጭ ብሏል። ጅብራዋ፣ ያቺ የተራራ ተክል፣ ቅጠሎቿን ወደ መሀል ሰብስባ እንደ ጎመን ጥቅልል ብላለች። ሌሊቱን የምታድረው እንዲህ ነው፤ ለጋውን ከብርድ ትሸፍናለች። ፀሐይ ሲያገኛት ቀስ እያለች ተከፈተች።

ጅብራ ለዓመታት ቅጠል ብቻ ናት። ከዚያ አንድ ቀን ከሰው ቁመት የሚበልጥ የአበባ ዘንግ ታወጣለች። ዘሯን ትበትንና ትሞታለች። የምታብበው በዕድሜዋ አንዴ ነው፣ በቃ።

አብሮን የነበረ ልጅ አንዷን ያበበች በዱላ ገፋት። ወደቀች። ዘሯን ገና አልበተነችም ነበር። እኔም ዝም አልኩ።

ነገሩ ከውስጤ አልወጣ ሲል ስለ ግሪንላንድ ሻርክ ያነበብኩት ትዝ አለኝ። በሰሜን አትላንቲክና በአርክቲክ ቀዝቃዛ ባሕር የሚኖር ዓሣ ነው። በዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ አያድግም። በ2008 ዓ.ም. የወጣ ጥናት የ28 ሴት ሻርኮችን የዓይን ሌንስ በካርቦን መርምሮ ዕድሜያቸውን ገመተ። ትልቋ አምስት ሜትር ትሆናለች። ግምቱ 392 ዓመት ነው፤ በጣም ቢያንስ 272።

እስቲ በጎንደር ቁጠሩት። አፄ ፋሲል ከተማዋን የቆረቆሩት በ1628 ዓ.ም. ነው። 392 ካልን፣ ያቺ ሻርክ ያኔ ተወልዳለች። ትንሹን ግምት ብንወስድ እንኳ የእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ላይ ትደርሳለች። ይህን ሳሰላ እጄ ቆመ።

ሴቷ ለመውለድ የምትደርሰው ደግሞ በ150 ዓመቷ ገደማ ነው! ድሮ ለጉበቷ ዘይት ትታደን ነበር። ዛሬ ለሌላ ዓሣ የተጣለ መረብ ይይዛታል። መቶ ዓመቷ ላይ ከተያዘች አንድም ልጅ ሳትተካ ሄደች ማለት ነው። ለመጥፋት ከተጋለጡት ተርታ መመደቧ አይገርምም።

አበባና ሻርክ ምን አገናኛቸው ትሉኝ ይሆናል። ልዩነታቸውማ ብዙ ነው። ሻርኳ ወልዳም ትኖራለች፤ ጅብራዋ ግን ካበበች አለቀላት። ለአበባ እናዝናለን፣ ሻርክ ሲባል ጥርሱ ነው የሚታየን። ለእኔ ግን ሁለቱም አንድ ነገር ነው የሚፈልጉት፦ ጊዜያቸው እስኪደርስ የሚታገሳቸው ሰው።

ወንድሜ፣ ያን ቀን ልነግርህ ይገባ ነበር። ይህን ከሰማህ ደውልልኝ። ከወደቀችው አጠገብ ጉልበት የማይደርሱ ሦስት ትንንሽ ጅብራዎች አሉ። አብረን ሄደን ላሳይህ።