ላቬንደራችሁን አታሞላቅቁት

ሄለን፦ ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ! ብሩክ፣ ስለ ላቬንደር፣ ስለዚያ ሐምራዊ አበባ ስላለው መዓዛማ ቁጥቋጦ፣ ከአድማጮች ተደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ። «ላቬንደሬ ቢጫ ሆነ፣ ምን ልጨምርለት?»

ብሩክ፦ ምንም! እንዲያውም ቀንሱለት።

ሄለን፦ አቤት ጭካኔ!

ብሩክ፦ የምሬን ነው። የዚህ ተክል አገሩ በሜዲትራኒያን ዙሪያ ያለው ድንጋያማ ተራራ ነው። የለመደው ደረቅ፣ ደሃ አፈር ነው። እዚህ ቨርጂኒያ ደግሞ መሬቱ ቀይ ሸክላ። ዝናብ ሲወርድበት ውኃውን አቁሮ ይቀመጣል፣ ሥሩ ይበሰብሳል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ሰው የጠማው ይመስለውና ሌላ ባልዲ ይደፋበታል።

ሄለን፦ ብርዱስ?

ብሩክ፦ ብርዱን ይችለዋል። የማይችለው ብርድና እርጥበት ሲደረቡበት ነው። ስለዚህ አፈሩን ከጠጠር ጋር ቀላቅላችሁ ከፍ ያለ ጉብታ አብጁና እዚያ ላይ ትከሉት። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ያግኝ። ማዳበሪያ አያስፈልገውም። አዲስ ችግኝ እስኪይዝ ድረስ ግን ውኃ አትንፈጉት።

ሄለን፦ ጓሮው ጠባብ የሆነ ሰው የትኛውን ይግዛ?

ብሩክ፦ ሂድኮት ወይም መንስቴድ የሚባሉትን የላቬንደር ዓይነቶች። የሁለቱም ቁመት ግማሽ ሜትር ገደማ ነው። እኔ ሂድኮትን እመርጣለሁ፣ አበባው ደማቅ ሐምራዊ ነው። ስሙን ያገኘው እንግሊዝ ውስጥ ግሎስተርሸር ካለው ሂድኮት ከሚባለው የአትክልተኛው የላውረንስ ጆንስተን የአትክልት ቦታ ነው። ብቻ ከዘር የበቀለውን አትግዙ፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ ቀለሙም የተለያየ ይሆንባችኋል። ከቅርንጫፍ ቁራጭ የተባዛውን ጠይቁ።

ሄለን፦ መግረዙ ነው እኔን የሚያስፈራኝ።

ብሩክ፦ ጎንበስ ብለሽ ቅርንጫፉን እዪው። ላዩ ግራጫ አረንጓዴ ቅጠል ነው። ታች ስትወርጂ ቅጠሉ ያልቅና ቡናማ፣ ደረቅ እንጨት ይጀምራል። አበባው እንዳለፈ ከላይ ቁረጪ፣ ግን ሁልጊዜ ትንሽ ቅጠል ይቅር። ባዶው እንጨት ላይ ከደረስሽ አብዛኛውን ጊዜ መልሶ አያቆጠቁጥም። ጭራሽ ካልገረዝሽው ደግሞ መሐሉ ይራቆትና ለሁለት ይሰነጠቃል።

ሄለን፦ ጤና አዳሜ ጎን ልትከለው?

ብሩክ፦ በደንብ ይስማማሉ! ሁለቱም ፀሐይና ደረቅ አፈር ወዳጆች ናቸው።

ሄለን፦ በሶብላውስ?

ብሩክ፦ እሱን አርቂው። ውኃ ወዳድ ነው፤ ለሱ ስታጠጪ ይሄኛውን ታሰጥሚዋለሽ።